ሆስፒታል ሲጓደል ተጠያቂው ማን ነው?

በመንግሥት ሆስፒታል መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ «አልቋል» ሲባል፣ የታካሚው ቁጣ የሚወርደው እዚያ በተቀመጠችው ባለሙያ ላይ ነው። እሷ ግን በጀቱን አላጸደቀችም፤ ጨረታው ለምን እንደዘገየም የነገራት የለም። ተጠያቂነት ከመስኮቱ አልፎ ገንዘቡን እስከመደበው፣ ግዥውን እስካጓተተውና ክፍተቱን እያወቀ ዝም እስካለው ኃላፊ ድረስ መዝለቅ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄው የችሮታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ መሠረታዊ ጤና ክብካቤ ከተካሄደ ዓለም አቀፍ ጉባኤ የወጣው የአልማ አታ መግለጫ መንግሥታት ለሕዝባቸው ጤና ኃላፊነት እንዳለባቸው በግልጽ አስፍሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ የአፍሪካ መሪዎች አቡጃ ላይ ከዓመታዊ በጀታቸው ቢያንስ 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ቢገቡም፣ አብዛኞቹ ቃላቸውን አልጠበቁም።

በጀት ብቻውን ግን አያድንም። አንዲት እናት በወሊድ ምክንያት ስትሞት መጠየቅ ያለበት ማን ይቀጣ የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ የደም ክምችት ነበረ ወይ፣ አምቡላንሱ ስንት ሰዓት ፈጀበት፣ በዚያ ሌሊት ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ሐኪም ተረኛ ነበረ ወይ የሚለው ጭምር ነው። እውነቱን የተናገረች ነርስ የምትቀጣ ከሆነ (ይህ በጣም ያሳስበኛል) ቀጣዩ ስህተት ይደበቃል። የማስተካከያው ኃላፊና ቀነ ገደብ ያልተጻፈበት የምርመራ ሪፖርት መደርደሪያ ከማጣበብ አያልፍም፤ ስለዚህ የሆስፒታል ቦርዶች የታካሚን ምስጢር ጠብቀው፣ ምን እንደተገኘና ምን እንደተስተካከለ በየጊዜው ለሕዝብ በይፋ እንዲያሳውቁ በሕግ ሊገደዱ ይገባል።