ምጣዱን በሐሰት ከሰስኩት

ኮምፒውተሬ መድረቅ የጀመረው ሰኔ ሲገባ ነው። ሰማያዊ ስክሪን የለ፣ ድምፅ የለ፣ ዝም ብሎ ቀጥ። ማውሱ አይነቃነቅም፣ ሰዓቱ ባለበት ይቆማል። ካፕስ ሎክን ስጫን የኪቦርዱ መብራት እንኳ አይበራም። ስለዚህ የቆመው ስክሪኑ ብቻ ሳይሆን ማሽኑ በሙሉ ነው። ማብሪያውን ተጭኖ ከማጥፋት በቀር ምንም ማድረግ አይቻልም።

ቤታችን ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ቀን ሌላ ሥራ አለኝ፤ ማታ ማታ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። የግንቦት ሙሽሮች ሰኔ ላይ ሲደውሉ "ኮምፒውተሩ ደረቀ" ብትላቸው ማን ይሰማሃል?

መጀመሪያ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ገና ሳይከፍተው "ቫይረስ ነው" አለኝ። ፎርማት አደረገው፣ ከፈልኩ፣ ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን ደረቀ።

ከዚያ ራሴ ኬዙን ፈታሁት። ውስጡ አቧራና የሐይቅ ትንኝ ብቻ! ማታ መስኮት ከፍተን መብራት ስናበራ የሚገባው ትንኝ ሁሉ ለካ መቃብሩ እዚያ ኖሯል። ፋኑን በብሩሽ ጠረግኩ፣ ቴርማል ፔስት (የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት) ቀየርኩ፣ የሃርድ ዲስኩን ኬብል ነቅዬ መለስኩ፣ የራሞቹን (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማስታወሻ ካርዶች) መዳብ መሳይ ጥርሶች በላጲስ ፈገፈግኩ። አምስት ቀን ሰላም ሆነ። በስድስተኛው ደረቀ። የትኛው ነገር ለአምስት ቀን እንደረዳ፣ ወይም ጨርሶ የረዳ ነገር ይኑር አይኑር፣ አላውቅም። ሁሉንም በአንዴ ነበርና የነካካሁት።

ቀጥሎ ተጠርጣሪው ምጣዱ ሆነ። ክረምት ሲገባ መብራት መሄድ መምጣት ያበዛል፤ የሰፈሩም ሰው "ኃይል ማነስ ነው" ይላል። አንድ ማታ እማዬ የኤሌክትሪክ ምጣዱን ሰካች፣ አምፖሉ ደብዘዝ አለ፣ ኮምፒውተሩ ደረቀ። በቃ፣ ተያዘ! በማግስቱ ስታቢላይዘር ገዛሁ። እማዬንም ማታ እንዳትጋግር ለመንኳት።

"እና በሌሊት ልጋግርልህ?" አለች። እውነትም ከሌሊቱ 11 ሰዓት እየተነሳች መጋገር ጀመረች። እስካሁን ያሳፍረኛል። መድረቁ ግን አልቆመም።

ያን ጊዜ ነው ደብተር ያወጣሁት። በደረቀ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ምን ተከፍቶ እንደነበር፣ ምጣድ መሰካት አለመሰካቱን እጽፋለሁ። ዊንዶውስ በማሽኑ ላይ የሚደርሰውን የሚመዘግብበትን ኢቨንት ቪውወርንም አየሁ። መጀመሪያ ሰዓቱ አልገጥም ብሎኝ ተደናገርኩ፤ እኔ ከምሽቱ 1:12 ያልኩትን እሱ 19:12 ይለዋል። በየጊዜው የሚመጣው "ከርነል ፓወር 41" የሚል መዝገብ ነው። ፓወር የሚለውን ሳይ በመብራት ላይ ያለኝ ጥርጣሬ ይበልጥ ጠናብኝ። ለካ ይህ መዝገብ ማሽኑ በሥርዓት ሳይዘጋ ዳግም መነሳቱን ብቻ ነው የሚናገረው። እኔ ራሴ ማብሪያውን ተጭኜ ሳጠፋውም ይመዘገባል። ምክንያቱን አይነግርህም።

በሦስት ሳምንት 11 ጊዜ ደረቀ። ምጣድ ተሰክቶ የነበረው 2 ጊዜ ብቻ ነው። ቪዲዮ ኤዲቲንግ ተከፍቶ የነበረው ግን 10 ጊዜ። ማታ የእንጀራ ሰዓት ብቻ አልነበረም፤ የኔም የሥራ ሰዓት ነበር።

ለማረጋገጥ ኤሌክትሪሻን ጎረቤቴን ከነመልቲሜትሩ ጠራሁት። ምጣዱ ተሰክቶ፣ ያለቀው ቪዲዮ ከኤዲቲንጉ ኤክስፖርት እየተደረገ፣ ሶኬቱ 201 ቮልት አሳየ። ከ220 በታች ነው፣ አዎ። ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኃይል የሚሰጠው የፓወር ሰፕላዩ ቢጫ ሽቦ ግን 11.9 ቮልት ላይ ነው፤ የሚፈቀደው ከ11.4 እስከ 12.6 ነው። ሃርድ ዲስኩም ጤነኛ ሆኖ ተገኘ።

ቪዲዮ ራም ይበላል። ግንቦት ላይ ደግሞ ከነባሩ 8 ጊጋ ጎን ሌላ ያገለገለ 8 ጊጋ ገዝቼ ሰክቻለሁ። እንዴት አልጠረጠርኩትም? የዊንዶውስ የራሱ የሜሞሪ ምርመራ "ችግር የለም" ብሎኝ ነበር፤ አምኜው ተኛሁ።

ራም የሚፈትሸውን ፕሮግራም፣ ሜምቴስት 86ን፣ ፍላሽ ላይ ጭኜ ማታ ለቀቅኩት። መብራት ሄደ። በሁለተኛው ማታም ሄደ። በሦስተኛው ማታ የመጀመሪያው ዙር ንጹሕ ወጣ። ጠዋት ስነሳ ግን ሁለተኛው ዙር ላይ ስክሪኑ በቀይ መስመር ተሞልቷል። ራሞቹን ለየብቻ፣ እዚያው አንድ ቦታ እየሰካሁ ሞከርኩ። ነባሩ አራት ዙር ያለ ስህተት ጨረሰ። አዲሱ ስህተት አወጣ፤ ቦታ ቀይሬ ብሰካውም ስህተቱ ተከትሎት ሄደ። ማዘርቦርዱ ነፃ፣ ራሙ ጥፋተኛ።

ሻጩ "ያገለገለ ዕቃ አይመለስም" አለኝ። እኔም በ8 ጊጋ መሥራት ያዝኩ። ይንቀረፈፋል እንጂ አይደርቅም። ስታቢላይዘሩን ፍሪጁ ወርሶታል።

ቅዳሜ ማታ እማዬ ሳትጠይቀኝ ምጣዱን ሰካች። አምፖሉ ደብዘዝ አለ። ቀና ብላ አየችኝ።

"ደረቀ?"

"አልደረቀም።"

"እንግዲያው ተነስና ሊጡን አምጣልኝ።"