ተማሪዎቼን አንድ ሰነድ ላይ አብሬ ሳስጽፍ የተማርኩት

ለ42 ተማሪዎች አንድ የጎግል ዶክስ ሊንክ ላክሁ። ዶክስ አንድ ሰነድ ላይ እስከ 100 ሰው ባንዴ እንዲጽፍ ስለሚፈቅድ፣ ክፍሉን በሙሉ አንድ ገጽ ላይ ማስጻፍ ቀላል መስሎኝ ነበር። ሰነዱ አልከበደውም። ልጆቹ ግን ተደናበሩ። አንዱ የጀመረውን ሌላው ይሰርዛል፤ ሦስተኛው መሃል ገብቶ ስሙን ይጽፋል። አንዲት ተማሪ ደህና አድርጋ የጻፈችው አንቀጽ ከፊቷ ጠፋ። ኮምፒውተሩን ገፋ አድርጋ ዝም አለች።

የሰነዱን ታሪክ መክፈት የተማርኩት ያን ዕለት ነው። ዶክስ ለውጦቹን ከነሰዓታቸው ስለሚያስቀምጥ ወደ ኋላ ሄጄ አንቀጿን አገኘሁላት። ማን እንዳጠፋው ግን ማወቅ አልተቻለም። ብዙዎቹ በራሳቸው አካውንት ሳይሆን በሊንኩ ብቻ ነበር የገቡት። እንዲህ ሲሆን ገጹ ላይ የሚታዩት በእንስሳ ስም ነው፤ ታሪኩም ስማቸውን አይነግርም። ከዚያ ወዲህ ሁሉም በየአካውንቱ ካልገባ ሥራ አልጀምርም። አካውንት ለሌላቸው ልጆች ኤተርፓድ የሚባለው ሌላ አብሮ መጻፊያ ይሻላል። እሱ ምዝገባ አይጠይቅም፣ ለእያንዳንዱ ጸሐፊም የራሱን ቀለም ይሰጣል። የገጹን አድራሻ ያገኘ ሰው ሁሉ ሊያነበው ስለሚችል ግን ሙሉ ስም አላስጽፍበትም።

ቀጥሎ በአራት በአራት ከፈልኳቸው። ትርምሱ ቆመ፤ ሌላ ችግር መጣ። አንቀጾቹን ተከፋፈሉና እያንዳንዱ የራሱን ጽፎ ወጣ። ያገኘሁት አንድ ድርሰት ሳይሆን ከላይ ወደ ታች የተደረደሩ አራት ድርሰቶች ነበር። ይሄኔ ነው አብሮ መጻፍን መሣሪያው እንደማያስተምር የገባኝ። ማስተማር የኔ ሥራ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ለወጥኩ። አንደኛ፣ የጓደኛን ጽሑፍ በቀጥታ መንካት ቀረ። ዶክስ የጥቆማ ስልት አለው፤ እርማቱ በቀለም ተለይቶ ይታያል፣ የጽሑፉ ባለቤትም አይቶ ይቀበለዋል ወይም ይተወዋል። አንቀጿ የጠፋባት ልጅ በነፃነት መጻፍ የጀመረችው ከዚህ በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ ኮመንት ሁሉ ጥያቄ እንዲሆን አደረግሁ። በፊት «አሪፍ ነው»፣ «ጎበዝ» እየተባባሉ ያልፉ ነበር። አሁን ግን «ወንዙ ተበክሏል ብለሻል፣ በምን አወቅሽ?» ይላሉ። እንዲህ የተጠየቀ ልጅ ወደ ጽሑፉ ይመለሳል። በእኔ ቀይ እስክሪብቶ እንደዚያ ሲመለሱ አይቼ አላውቅም።

ውጤት አሰጣጡ ላይ ተሳስቼ ነበር። ከታሪኩ ማን ስንት መስመር እንደጻፈ እያየሁ ነጥብ ሰጠሁ። አንድ ልጅ ዝቅ ያለ ውጤት ይዞ መጣና፣ «ቲቸር፣ እኔ የጻፍኩት ትንሽ ነው፤ ያጠፋሁትን ግን አይተኸዋል?» አለኝ። አብረን ከፍተን አየን። የተደጋገሙ ሐሳቦችን ለቅሞ አውጥቷል። የተምታታውን ቅደም ተከተልም ያስተካከለው እሱ ነው። ድርሰቱን ድርሰት ያደረገው ይህ ልጅ ነበር። ክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠይቄ ውጤቱን አረምኩ።

ሌላዋን ደግሞ ገልብጣለች ብዬ ልከስሳት ምንም አልቀረኝም። ታሪኩ ላይ ትልቅ አንቀጽ ባንዴ ዱብ ብሏል። ለካ ቤት ኢንተርኔት ስለሌላት ደብተሯ ላይ ጽፋ፣ ስልኳ ላይ አስገብታ ነው የለጠፈችው። ደብተሩን ከነስርዝ ድልዙ አሳየችኝ። ስለዚህ አሁን በታሪኩ ብቻ አልፈርድም። እያንዳንዱ ተማሪ ካደረጋቸው ለውጦች አንዱን መርጦ ለምን እንዳደረገው በቃሉ ይነግረኛል። ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ስለ አጻጻፋቸው ከዚህ የበለጠ የማውቅበት መንገድ የለኝም። በነገራችን ላይ፣ ዶክስ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፤ ግን አስቀድሞ መስተካከል አለበት። መስመሩ ከተቋረጠ በኋላ ማሰብ ዋጋ የለውም።

አሁን የመጨረሻዎቹን 10 ደቂቃዎች ስክሪን አንነካም። ከቡድኑ አንዱ ድርሰቱን ጮክ ብሎ ያነባል፤ የቀሩት አጻጻፉ ወደ ሌላ ሰው የተቀየረ ሲመስላቸው እጃቸውን ያነሳሉ። መጀመሪያ ሰሞን በየአንቀጹ እጅ ይነሳ ነበር። ባለፈው ሳምንት አንድ ቡድን ሁለት ገጽ አንብቦ ሦስት ቦታ ብቻ ተነሳ። ደወሉ ተደውሎ ሌሎቹ ሲወጡ አራቱ ልጆች ሰነዱን መልሰው ከፍተው ሦስቱን ቦታዎች ይፈልጉ ነበር።