ድንጋዮቹ አጠገብ

ዛሬ ልጄን አሜሪካ፣ ብላክስበርግ ከተማ ወደሚገኘው ቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ሳደርስ፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 16 ቀን 2007 እዚያው ግቢ ውስጥ በተኩስ ለተገደሉት 32 ሰዎች ከቆሙት የመታሰቢያ ድንጋዮች አጠገብ፣ ያኔ በግቢው የክርስቲያን ተማሪዎች ኅብረት ያገለግሉ የነበሩ አንድ አዛውንት አገኘሁ። ያን ሰሞን ምን እንዳስተማሩ ብጠይቃቸው፣ ያዘጋጁትን ስብከት ከኪሳቸው ሳያወጡት እንደቀሩ ነገሩኝ፤ ጓደኛው ጋ ደጋግሞ እየደወለ መልስ ካጣ አንድ ተማሪ ጎን፣ ወለሉ ላይ ተቀምጠው አብረውት ሲጠብቁ አመሹ። የልጁ ስልክ ባትሪ ሲጨርስ የራሳቸውን ሰጡት። እኔ (ምክር ማብዛት ይቀናኛል) ለቅሶ ቤት ገብተው አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ የሚቀመጡት የሰፈራችን እናቶች ትዝ አሉኝ። አዛውንቱ ጎንበስ ብለው፣ ከአንዱ ድንጋይ ስም ላይ የረገፈ ቅጠል በጣታቸው ጠረግ አደረጉ።