ራት ከታዘዘልህ ቤትህ አትገባም

ጌም ስቱዲዮ እንደምሠራ የሰማ ሐበሻ ሁሉ ሁለት ነገር ይጠይቀኛል። ቀኑን ሙሉ ስትጫወት ነው የምትውለው? ምግቡስ እውነት በነጻ ነው?

ከምግቡ ልጀምር። አዎ፣ በነጻ ነው። ያለነው ሲያትል አጠገብ፣ ቤልቪው ነው። እነ ኒንቴንዶ፣ ቫልቭና ቡንጂ በዚሁ አካባቢ ስለሆኑ ስቱዲዮዎቹ በሠራተኛ ይሻማሉ። ስለዚህ ፍሪጁ ጎድሎ አያውቅም። ለስላሳው፣ ቺፕሱ፣ ፍራፍሬው፣ ከቧንቧ የሚቀዳ ቢራ ሳይቀር አለ። ስለ ቡናው ባናወራ ይሻላል። ሰው ውሻውን ይዞ ይመጣል፣ አለቃዬ በቁምጣ ስብሰባ ይመራል።

ጨዋታውን በተመለከተ፣ እኔ ቴስተር ነኝ፤ ጨዋታው ከመውጣቱ በፊት ስህተቱን ፈልጎ የሚያወጣ ማለት ነው። ጠዋት አዲስ ቢልድ፣ ማለትም እየተሠራ ያለው ጨዋታ አዲስ ቅጂ፣ ይመጣል፤ ለእኔ አንድ ሕንፃ ይደርሰኛል። ገጸ ባሕሪውን ይዤ ግድግዳ ግድግዳውን እሄዳለሁ። እያንዳንዱን ጥግ እገፋለሁ፣ እዘላለሁ፣ እንበረከካለሁ፣ ደግሜ እገፋለሁ። ድንገት አንዱ ጥግ ያሳልፈኝና ከካርታው ሥር ወደ ባዶው እወድቃለሁ። ያኔ ደስታዬን አትጠይቁኝ! ከዚያ እጽፋለሁ፦ የት ቆሜ፣ ወዴት ዞሬ፣ ምን ተጭኜ፣ ከስንት ሙከራ ስንቴ እንደወደቅኩ። ቪዲዮ አያይዤ እልካለሁ። በማግስቱ “እኔ ጋ አልታየም” ተብሎ ይመለሳል። ከዚያ ፕሮግራመሩ ወንበር አጠገብ ሄጄ እዚያው ፊቱ መውደቅ ነው። ሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት በጌም እየከፈልኩ ነው ያደግኩት፤ ያ ጨዋታ ነበር፣ ይሄ ሥራ ነው።

ጨዋታው ሊወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ደግሞ ክረንች የሚባለው የጥድፊያና የማምሸት ወቅት ይመጣል። ማንም “አምሽ” አይልህም። ወደ መውጫ ሰዓት ግድም “ራት አዝዘናል” የሚል መልእክት ይደርስሃል፣ በቃ። ራት ከታዘዘልህ ቤትህ አትገባም። ያለፈው ክረንች ሁዳዴ ላይ ስለዋለ እኔ “ቪጋን” ብዬ ተመዝግቤ ነበር። ከፋሲካ በኋላ የዶሮ ክንፍ ሳነሳ ያዩኝ ባልደረቦቼ ክው አሉ። አንዷማ ደህና ነህ ወይ ብላ ወደ ጎን ወሰደችኝ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ2004 እ.ኤ.አ. ኤሌክትሮኒክ አርትስ የተባለው የጌም ኩባንያ የአንድ ሠራተኛ እጮኛ ስሟን ሳትገልጽ የሥራ ሰዓቱን ጉድ ኢንተርኔት ላይ ጽፋ ኢንዱስትሪው ተንጫጭቶ ነበር። በዓመቱ ኩባንያው የግራፊክስ ባለሙያዎቹ ላቀረቡት የትርፍ ሰዓት ክስ 15.6 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። እኛ ጋ ፒዛ ነው።

እኔ የምሠራው በኤጀንሲ ስለሆነ የባጄ ቀለም ከቋሚዎቹ ይለያል። ቢራው ለሁላችንም ነው። ቦነሱ፣ የምረቃው ድግስና ጨዋታው ሲወጣ የሚታደለው ሐውልት ግን የእነሱ ብቻ ነው። እሱም ይሁን፣ ሐውልት የማስቀምጥበት ቦታም የለኝ። ያናደደኝ ሌላ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ከታች ወደ ላይ የሚያልፈው የስም ዝርዝር ላይ የውሻዎቹ ስም አለ። እውነቴን ነው፣ “የቢሮ ውሾች” ተብለው በየስማቸው ተጽፈዋል። የእኛ የቴስተሮቹ ግን የኤጀንሲው ስም ብቻ ነው ያለው። ይህ ደግሞ የኩራት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዚህ ሙያ ሌላ ቦታ ስታመለክት መጀመሪያ የሚያዩልህ ስምህ የወጣበትን ጨዋታ ነው።

በ2023 መጀመሪያ የማይክሮሶፍት በሆነው ዜኒማክስ በተባለ የጌም ኩባንያ የሚሠሩ 300 ገደማ ቴስተሮች ማኅበር አቋቁመው ማይክሮሶፍት እውቅና ሲሰጣቸው እኛ ምሳ ሰዓት ላይ ያወራነው ስለዚያ ብቻ ነበር። በዓመቱ ያው ማይክሮሶፍት ከጌም ክፍሉ 1,900 ሰው ሲቀንስ ደግሞ ቋሚዎቹም ዝም ብለው ይበሉ ጀመር።

ኮንትራቴ በቅርቡ ያልቃል። ሌላ ቦታ ቃለ መጠይቅ ጀምሬያለሁ። ቢሮውን እያዞሩ ፍሪጁን ሲያሳዩኝ አመሰግናለሁ፤ ከዚያ የምጠይቀው ስም ዝርዝሩ ላይ ማን ማን እንደሚገባና ራት በወር ስንት ቀን እንደሚታዘዝ ነው። ሁለተኛውን ስጠይቅ ብዙዎቹ ስለ ምግቡ ጓጉቼ ይመስላቸዋል።