በስቲም ላይ ጽሑፍን በክፍያ ማስተዋወቅ፦ መመሪያዎቹ የዘለሉት

ጽሑፎቼን በክፍያ ማስተዋወቅ የጀመርሁት እ.ኤ.አ. በ2018 በስቲም ላይ ነው፤ ስቲም አንባቢዎች ለጽሑፍ ድምፅ ሲሰጡ ጸሐፊው በዲጂታል ገንዘብ ሽልማት የሚያገኝበት ብሎክቼይን፣ ማለትም የጋራ ዲጂታል መዝገብ ነው። ስለ ሽሮ ሜዳ ሸማኔዎችና ስለ ጥለት ሥራ በተከታታይ እጽፍ ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ድምፅ ያገኙ ጽሑፎች የሚታዩበት የትሬንዲንግ ገጽ በአመዛኙ ድምፅ በተገዛላቸው ጽሑፎች ተይዞ ስለነበር፣ ብዙ ተከታይ የሌለው ጸሐፊ ሳይከፍል የሚታይበት ዕድል እጅግ ጠባብ ነበር። ድምፅ የሚሸጡት ቦቶች (በፕሮግራም የሚሠሩ አካውንቶች) ባለቤቶችና ደጋፊዎቻቸው ያሰራጯቸው መመሪያዎች ደግሞ ከትርፍ በቀር ስለ ሌላ ነገር አያነሱም ነበር። እነርሱ የዘለሉትን ሌላ ሰው ገንዘቡን ከመላኩ በፊት እንዲያውቀው ስለምፈልግ ይህን ጻፍሁ።

አሠራሩ ያን ጊዜ ቀላል ነበር። ለቦቱ አካውንት የሰንሰለቱ ገንዘብ ከሆኑት ከስቲም ወይም ከስቲም ዶላር ጥቂት ትልካላችሁ፤ ከክፍያው ጋር በሚላከው አጭር መልእክት (ሜሞ) ላይ የጽሑፉን ሊንክ ታስቀምጣላችሁ። ለመላክ አክቲቭ ኪይ የተባለው ቁልፍ ይበቃል፤ ዋናውን የይለፍ ቃል ለማንም አትስጡ። ብሎክቼይኑ በየ3 ሰከንዱ አዲስ ብሎክ ስለሚጽፍና የተጻፈው ስለማይሻር፣ በስህተት የተላከ ገንዘብ የሚመለሰው ተቀባዩ ከፈቀደ ብቻ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። በስቲም ላይ አንድ አካውንት ሙሉ ድምፅ ሲሰጥ ከድምፅ ኃይሉ 2 በመቶ ይቀነስበታል፤ የተቀነሰው ደግሞ በቀን 20 በመቶ ያህል ይተካል። ስለዚህ ቦቱ በቀን 10 ሙሉ ድምፅ፣ ማለትም በየ2 ሰዓት ከ24 ደቂቃው አንድ ድምፅ ይሰጥ ነበር፤ በዚያ ዙር የከፈሉት ሁሉ ያችን አንዲት ድምፅ እንደየክፍያቸው መጠን ይካፈሏት ነበር። የአንዱ ዙር ድምፅ 20 ዶላር ያወጣል እንበል። እስካሁን በጠቅላላው 16 ዶላር ተከፍሏል፤ ከዚህ ውስጥ 2 ዶላሩ የእናንተ ነው። የቦቱ ገጽ ድርሻችሁ 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም መሆኑን ያሳያችኋል፤ መመሪያውም ይህን ትርፍ ይለዋል። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ሕግ ከሽልማቱ 25 በመቶው ድምፅ ለሰጡት የሚሄድ ስለነበር፣ ለጸሐፊው የሚደርሰው 1 ዶላር ከ87 ሳንቲም ገደማ ነው፤ ይህም ከከፈላችሁት ያነሰ ነው። ዙሩ ሊዘጋ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩት ሌላ ሰው 4 ዶላር ከጨመረ ደግሞ ድርሻችሁ ወደ 2 ዶላር፣ በእጃችሁ የሚገባውም ወደ 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይወርዳል።

በእኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ድምፁ ሲወጣ በገጹ ላይ ካየሁት ቁጥር በእጅጉ አንሶ ነበር። ለቦቱ ባለቤት በትሕትና ጻፍሁለት፤ የሰጠኝ መልስ ሁሉም ነገር በደንቡ ላይ ተጽፏል የሚል ነበር። ደንቡን እንደገና አነበብሁት። የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም ይላል እንጂ፣ የሚታየው ቁጥር የድምፅ ሰጪዎች ድርሻ ያልተነሣለት መሆኑን የሚገልጽ አንድም ዓረፍተ ነገር አልነበረበትም። ከ25 በመቶው ውስጥም ቦቱ ራሱ ድምፅ ሰጪ እንደመሆኑ ድርሻ ያገኝ ነበር፤ ማለትም ከእኔ ክፍያ ወሰደ፣ ከሽልማቱም ደገመ። ይህን በግልጽ አለመናገር ዛሬም ያስቆጣኛል፤ ሒሳቡን ከማንም በላይ የሚያውቀው ሻጩ ነበርና።

በዚህ ብቻ አላበቃም። በስቲም ላይ አንድ ጽሑፍ ሽልማቱ የሚከፈለው በ7ኛው ቀን ነው፤ እስከዚያ ድረስ ማንኛውም አካውንት ዳውንቮት (የተቃውሞ ድምፅ) በማድረግ ሊቀንሰው ይችላል። አንዳንድ ቦቶች በርካታ ቀናት ያለፉትን ጽሑፍ ይቀበሉ ስለነበር፣ መመሪያውም የጽሑፉ ዕድሜ ለውጥ እንደማያመጣ ይናገር ስለነበር፣ ቀናት ላለፉት አንድ ጽሑፌ ከፈልሁ። ብዙ የስቲም ፓወር (የድምፅን ክብደት የሚወስን የተቆለፈ ስቲም) የያዘ አንድ አካውንት በዳውንቮት የተገዛውን ድምፅ ከሞላ ጎደል አጠፋው። ምክንያቱን ቆይቼ ስመረምር ትክክለኛ ሆኖ አገኘሁት፤ ክፍያው ሲቃረብ የሚገዛ ድምፅ አንባቢዎች አይተው እንዲፈርዱበት ጊዜ አይተውላቸውም። ሆኖም ቅጣቱ ድምፁን በሸጠው ላይ ሳይሆን በገዛው ጸሐፊ ላይ መውረዱን አልቀበልም፤ ሻጩ ክፍያውን እንደያዘ ቀረ። ዘግይቶ የተገዛ ድምፅን በዳውንቮት የሚቀንስ እንዲህ ያለ ዘመቻ መኖሩን አንድ መመሪያ በአንድ መስመር ቢጠቅሰው ኖሮ ስንቱ ጸሐፊ ገንዘቡን ባዳነ ነበር።

ከሁሉም በላይ የተደበቀው ግን የገንዘቡ ምንጭ ነው። በተለመደው ማስታወቂያ ከፋዩ የገዛ ገንዘቡን ያወጣል፤ ጉዳቱም ጥቅሙም የራሱ ነው። በስቲም ላይ ግን ድምፅ የሚያመጣው ሽልማት የሚቆረሰው ሁሉም ጸሐፊዎች ከሚካፈሉት የጋራ ቋት ነው፤ ለእኔ በተገዛው ድምፅ የተጨመረው ከማላውቃቸው ሰዎች ድርሻ ላይ የተነሣ ነው። ስለዚህ ያተርፋል ወይስ አያተርፍም ብሎ መነሣት ጥያቄውን ከመሠረቱ ማሳት ይመስለኛል፤ በእኔ እምነት በተገዛ ድምፅ ማትረፍ ጭራሹኑ ተገቢ አይደለም።

ስለዚህ ምክሬ ከቦቶቹ መመሪያ ጋር በብዙ ነገር ይቃረናል። እነርሱ ዙሩ እስኪዘጋ ጠብቃችሁ በመጨረሻው ሰከንድ ክፈሉ ይሉ ነበር፤ እኔ ግን ጽሑፉ በወጣበት ዕለት ክፈሉ እላለሁ፤ አንባቢ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው፣ መፍረድም የሚችለው ያን ጊዜ ነው። እነርሱ ትርፉን አስሉ ይሉ ነበር፤ እኔ ገንዘቡን እንደማይመለስ ወጪ ቁጠሩት እላለሁ። የሽልማቱን ተካፋይ በምትመድቡበት ቦታ ላይ ነል የተባለውን ባለቤት የሌለው አካውንት አስገቡ፤ ወደዚያ የሚሄደው ሽልማት ይቃጠላል፣ ማለትም ለዘለዓለም ይጠፋል፤ እናንተም የፈለጋችሁት መታየትን እንጂ የሌሎችን ድርሻ እንዳልሆነ ማንም በሰንሰለቱ ላይ ማረጋገጥ ይችላል። ድምፅ መግዛታችሁን በጽሑፉ ግርጌ በግልጽ ጻፉ። የሁለት መስመር አስተያየትን ወይም ከሌላ የተቀዳ ፎቶግራፍን በገንዘብ ወደ ላይ ማውጣት ደግሞ በምንም ስሌት ትክክል አይሆንም።

የስቲም ዋና ድረ ገጽ የነበረው ስቲሚት ራሱ ያዘጋጀው የማስተዋወቂያ መንገድም ነበር፤ ስቲም ዶላሩን ለነል ልካችሁ በማቃጠል ጽሑፋችሁን ለብቻው በተለየ ገጽ ላይ የምታሳዩበት ማለት ነው። ያን ገጽ የሚጎበኘው ሰው ጥቂት ስለነበር ብዙዎች ናቁት። እኔ ግን ከሁሉ ንጹሕ ሆኖ ያገኘሁት እርሱን ነው፤ ከማንም ሳይቀንስ የሚከፍለው አስተዋዋቂው ብቻ ነውና።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2019 የተደረገው 21ኛው የሕግ ለውጥ የጸሐፊውንና የድምፅ ሰጪውን ድርሻ እኩል 50 በመቶ አደረገ፤ ለዳውንቮትም የተለየ ኃይል ስለመደበ፣ የተገዛ ድምፅን መቀነስ ቀድሞ እንደነበረው የራስን የድጋፍ ኃይል መሠዋት መሆኑ ቀረ። የቦቶቹ ገበያ በፍጥነት ተዳከመ። የትሮን ብሎክቼይን መሥራች ጀስቲን ሰን የስቲሚትን ኩባንያ ከገዛ በኋላ ማኅበረሰቡ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ከስቲም የተገነጠለውን ሃይቭን ሲመሠርት እኔም ከብዙዎች ጋር ወደዚያ ተሻገርሁ። በዚያ የማስተዋውቀው ከሸማኔዎቹ ጋር ተቀምጬ የጻፍሁትን ረጅም ጽሑፍ ብቻ ነው፤ የጸሐፊው ድርሻ በሙሉ ለነል እንዲሄድ አድርጌ አወጣዋለሁ፣ ከዚያም የምቆጥረው የገቡትን አስተያየቶች ነው፤ ስለ ጥለቱ የሚጠይቅ ሰው ካልመጣ ለቀጣዩ ጽሑፍ አልከፍልም።