የመንገዱ ከንፈር

ሰኔ ገብቷል። በዋሽንግተን ግዛት፣ ሲያትል ላይ ሰው በካናቴራ ይወጣል፤ ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ ካለው የተራራ ማለፊያ፣ ከስኖኳልሚ ፓስ በላይ ግን በረዶው ጥላ ጥላውን ይዞ እንደተኛ ነው። በዚያው ባለው ጥብቅ የተራራ ዱር፣ በአልፓይን ሌክስ፣ ከፍ ብለው የሚያልፉት የእግር መንገዶች ብዙዎቹ ሐምሌ ሳይጋመስ አይጸዱም። እነዚህን መንገዶች የምንጠግንበት ወቅት አጭር ነው፤ ከመግባት በፊት ዋና ዋናውን በወረቀት ማስፈር አይከፋም።

እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የአሜሪካ የዱር ቦታዎች ሕግ፣ ከልዩ ፈቃድ በቀር፣ ሞተርንም ተሽከርካሪንም ይከለክላል። የሞተር መጋዝ የለም። ጎማ ያለው የእጅ ጋሪም የለም። አፈር በባልዲና በሸራ ከረጢት ይጋዛል፤ ከባዱ ዕቃ በበቅሎ ይወጣል፤ አንዲት በቅሎ 70 ኪሎ ገደማ ትሸከማለች። እዚህ ዱር ውስጥ አንድ ቡድን ሰውና እንስሳ ተደምሮ ከ12 መብለጥ የለበትም። ስምንት ሠራተኛና አራት በቅሎ ከሆኑ ሞልቷል ማለት ነው።

ዋናው መሣሪያ ፑላስኪ ይባላል። ስሙ ሌላ ነው እንጂ ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ባንድ ወገን መጥረቢያ፣ በሌላው ወገን ዶማ፣ እጀታው አንድ። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1910ሩ ታላቅ የእሳት ቃጠሎ አይዳሆ ውስጥ ሰዎቹን ወደ ማዕድን ዋሻ አስገብቶ አብዛኞቹን ካተረፈው የደን ጠባቂ ከኤድ ፑላስኪ ነው። አያያዙ ከአሠራሩ እኩል መታወቅ አለበት። በትከሻ አይሸከሙትም። ሚዛኑ ላይ ተይዞ፣ ስለቱ ወደፊት ዞሮ፣ በቁልቁለቱ በኩል ባለው እጅ ይንጠለጠላል፤ እግር ቢያዳልጥ ወደ ታች ይወረወርና ሰውየው ለብቻው ይወድቃል። በሰውና በሰው መካከል ሦስት ሜትር።

የወደቀው ግንድ ቀድሞ ይነሳል፤ በቅሎዎቹ የሚያልፉት ከዚያ በኋላ ነው። ግንዱ የሚቆረጠው ሁለት ሰው ከሁለት ጫፍ በሚስበው ረጅም መጋዝ ነው። ጥርሶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፦ ቆራጩ የእንጨቱን ጭረት ይበጥሳል፣ ጠራጊው የተበጠሰውን እየጠረገ ያወጣል። ጠራጊው ከቆራጩ አንድ ሚሊ ሜትር በማይሞላ ልዩነት ማጠር አለበት፤ ከረዘመ መጋዙ ዝም ብሎ ይንሸራተታል፣ ከልክ በላይ ካጠረ ደግሞ ዱቄት ብቻ ያወጣል። በደንብ የተሞረደ መጋዝ የሚያወጣው ረጅም፣ እንደ ክር የተጠቀለለ ልጭ ነው። ከሥሩ የሚወጣውን አይቶ የመጋዙን ጤና ማወቅ ይቻላል።

ሕጉ መሳብ ብቻ ነው። የገፋ ሰው የመጋዙን ብረት ያጣምመዋል። ከመጀመሩ በፊት በመቁረጫው መስመር ላይ ያለው ቅርፊት በመጥረቢያ ይላጣል፤ ቅርፊት ውስጥ አሸዋ ይሸሸጋል፣ አንዲት ጠጠር ብቻ የግማሽ ቀን ሙረዳ ታበላሻለች። ሙጫ ሲይዘው ላምባ ይቀባል።

ግንዱ የት እንደተጫነና የት እንደተወጠረ ማንበብ ግን ከመሳቡ በላይ ይከብዳል። ሁለቱም ጫፉ ተደግፎ መሐሉ የተንጠለጠለ ግንድ ከላይ ይጨመቃል፣ ከታች ይወጠራል፤ ከላይ ሲቆርጡት እየተዘጋ መጋዙን ይነክሳል። ስለዚህ መጋዙ ገብቶ ከጀርባው ክፍተት እንደተገኘ ሽብልቅ ይመታል። ሽብልቅ ካልበቃ መጨረሻው ከሥር ወደ ላይ ይቆረጣል። ማንም ሰው ከግንዱ በታች በቁልቁለቱ በኩል አይቆምም። ግንዱ በመንገዱ ግራና ቀኝ ሁለት ቦታ ይቆረጣል፤ ሁለቱ ቁርጦች ትንሽ ተንሻፈው ካልተከፈቱ መሐለኛው ቁራጭ እንደ ቡሽ ተወትፎ ይቀራል፤ ከተከፈቱ ሁለት ሰው ተቀምጦ በእግሩ ሲገፋው ተንከባሎ ይወጣል።

ጎብኚ ፎቶ የሚያነሳው ይህንን ነው። መንገዱን በሕይወት የሚያቆየው ግን ፎቶ የማይወጣለት ሥራ ነው፤ ውሃን ማስወጣት።

በተዳፋት ላይ የተቆረጠ መንገድ አዲስ ሲሆን ወደ ቁልቁለቱ በመቶ 5 ያህል ያዘነብላል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው የውጭ ጠርዙ ከውስጡ በ3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል ማለት ነው። ዝናብ ሲመጣ እንደ ስስ አንሶላ አቋርጦት ይወርዳል። ዓመታት ሲያልፉ ጫማና ኮቴ መሐሉን ይረግጡታል፣ አፈሩ ወደ ውጭ ጠርዝ ይገፋል፣ እዚያው ሣር ያበቅላል። የጣት ከፍታ ያላት ጉብታ ትሠራለች። እኔ ከንፈር እላታለሁ። ይህች ከንፈር ስትበቅል መንገዱ መንገድ መሆኑ ይቀርና ቦይ ይሆናል፤ ውሃው መውጫ አጥቶ በርዝመቱ ይወርዳል፣ ጉልበት ይሰበስባል፣ በጥቂት ክረምት ቦረቦር ይቆፍራል።

ሥራው እንዲህ ነው። ከንፈሩን በዶማው ወገን ከነሥሩ መንቀል፤ በየቦታው መሸንቆር ሳይሆን በሙሉ ርዝመቱ ማንሳት። በሽቅቡ በኩል ተንሸራቶ የተከመረውን አፈርም መቁረጥ፤ ይህ ከተተወ ሰው እሱን እየሸሸ የውጭውን ጠርዝ ይረግጣል፣ ጠርዙ ይናዳል፣ መንገዱ በየዓመቱ ወደ ገደሉ ይሸሻል። ከዚያ ወለሉን መጥረግ፣ ማዘንበሉን ማስተካከል፣ መርገጥ። ሣርና ሥር ያለበት ጥቁር አፈር ለሙሌት አይሆንም፤ ርቆ ወደ ታች ይበተናል። ሙሌት የሚሆነው ከሥሩ ያለው ጠጠራማ አፈር ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ከኮዳው ትንሽ ውሃ ማፍሰስና የት እንደሚሄድ ማየት። ዓይን ይዋሻል፣ ውሃ አይዋሽም። ማዘንበሉን ማብዛትም ጥፋት ነው፤ ቁርጭምጭሚት የሚያጣምም መንገድ ላይ ሰው ወደ ውስጥ እየተጠጋ ሌላ መንገድ ያወጣል።

አገር ቤት በአፈርና ውሃ ጥበቃ ዘመቻ እርከን የሠራ ሰው ዶማውንም ካቡንም ክትሩንም ያውቃል፤ አንድ ነገር ግን መገልበጥ አለበት። ማሳ ላይ ውሃው እንዲቆምና እንዲሰርግ ነው የሚፈለገው። እዚህ ውሃው ሳይቆም፣ ሳይጠራቀም፣ በስሱ ተበትኖ ቶሎ እንዲወጣ ነው። ለዚህ የሚቀርበው ከማሳ በላይ የሚቆፈረው መቀልበሻ ቦይ ነው።

ማዘንበል ብቻውን በማይበቃበት ቁልቁለት መንገዱን አቋርጦ ግንድ ወይም ድንጋይ ይቀበራል። ግንዱ ከ25 ሴንቲ ሜትር የማይቀጥን፣ ሁለት ሦስተኛው መሬት ውስጥ የገባ፣ ለመንገዱ ከ45 እስከ 60 ዲግሪ የተንሻፈፈ መሆን አለበት። ቀጥ ብሎ ከተጋደመ ውሃው ፊቱ ላይ ይቆማል፣ ደለል ይጥላል፣ ሲሞላ ከላዩ ይዘላል። የምናገኛቸው የተበላሹት አብዛኞቹ የሞቱት በዚህ ነው። የመውጫው አፍ አካፋ በነፃነት የሚዞርበት ያህል ይስፋ፤ ጠባብ አፍ በአንድ እፍኝ ቅጠል ይደፈናል። የወጣው ደለል ከግንዱ በታች ይደለደላል እንጂ አይጣልም። እኔን ብትጠይቁኝ ቁልቁለቱ እስከፈቀደ ድረስ መንገዱን ራሱን ጥቂት ሜትር ሽቅብ መልሶ እንደ ሞገድ ማስረገጥ ይበልጣል፤ የሚበሰብስ ነገር የለውም።

ጠርዙ ጨርሶ በተናደበት ካብ ይካባል። የኮንሶን እርከን ያየ ሰው እዚህ ላይ ብዙ ትምህርት አያስፈልገውም። መሠረቱ ጠንካራው አፈር ድረስ ይቆፈርና ወደ ተራራው ያዘነብላል። ትልቁ ድንጋይ ከታች። ረጅሙ ጎን ወደ ውስጥ ይገባል፤ ለውበት ብሎ በርዝመቱ መደርደር የተለመደ ስህተት ነው። መጋጠሚያ ከመጋጠሚያ በላይ አይውልም። ግንቡ አራት ሲነሳ አንድ ወደ ኋላ ይጋደማል። ከጀርባው አፈር ሳይሆን ተፈርክሶ የደቀቀ ድንጋይ ይሞላል፤ አፈር ውሃ ጠጥቶ፣ በረዶ ሆኖ፣ ካቡን ወደ ውጭ ይገፋል። እያንዳንዱ ድንጋይ እንደተቀመጠ ይቆሙበታል። ከነቃነቀ ጠጠር ወትፎ ማታለል የለም፤ ተነስቶ ይዞራል። ማንሻው ድጅኖ ነው፣ ጣት ከድንጋይ ሥር አይገባም።

ቁጥቋጦ ላይ ብዙ አልልም፦ ከመሬት እኩል ይቆረጥ፣ ሹል ጉቶ አይቅር፣ የተቆረጠው ጫፍ ከመንገዱ ዞሮ ይጣል።

በጥቅምት የመጀመሪያው ረጅም ዝናብ ሲጥል፣ ሥራው ካለቀ በኋላ፣ አንድ ጊዜ በዝናብ ካፖርት መውጣት ያስፈልጋል። በደረቅ ቀን ያማረ ሁሉ የሚታየው ያን ቀን ነው። ውሃው በመንገዱ ላይ አሥር እርምጃ ከሄደ የሆነ ቦታ ከንፈር ቀርቷል፤ በዚያው እርጥብ አፈር ላይ ሁለት ሦስት የዶማ ምት ይበቃዋል።