ጎመን፣ ጾም እና ዋርፋሪን

በልጅነቴ ሲመላለስብኝ የኖረው የቶንሲል ሕመም በወቅቱ ባለመታከሙ ለሩማቲክ የልብ ሕመም ዳረገኝ፤ በመጨረሻም ሚትራል የሚባለው የልቤ ቫልቭ ወጥቶ በምትኩ ሜካኒካል ቫልቭ ተተከለልኝ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት እንቅልፍ የነሳኝ የደረቴ መከፈት ብቻ ነበር፤ ዕድሜ ልኬን ስለምወስደው ዋርፋሪን ግን አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቅሁም።

ደም ማቅጠኛ ይባል እንጂ ዋርፋሪን ደምን እንደ ውሃ አያቀጥንም። ጉበት በቫይታሚን ኬ አማካይነት የሚያዘጋጃቸውን፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ንጥረ ነገሮች ይቀንሳል። ይህ ባይሆን ሰው ሠራሹ ቫልቭ ላይ የሚረጋው ደም ቫልቩን ሊያጣብቀው ወይም ተነቅሎ ወደ አንጎል በመሄድ ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል። ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚለካው አይ ኤን አር በተባለ የደም ምርመራ ሲሆን፣ መድኃኒቱን በማይወስድ ጤነኛ ሰው ላይ 1 አካባቢ የሚሆነው ይህ ቁጥር በእኔ ከ2.5 እስከ 3.5 መካከል እንዲቆይ ታዘዘ።

ጎመን ቫይታሚን ኬ ስለሚበዛበት የዋርፋሪንን ሥራ ይቃረናል፤ ከሆስፒታል ስወጣ «ጎመን ላይ ይጠንቀቁ» ስለተባልኩ ጎመንን ፈጽሞ ተውኩት። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ሽሮና ምስር ብቻ ሰለቸኝና ጎመን በየቀኑ መብላት ጀመርኩ፤ ቁጥሩ ወደ 1.7 ወረደ። ሐኪሜም ስለ ጾሙ ስላልነገርኳቸው የመድኃኒቱን መጠን ጨመሩልኝ። በፋሲካ ጎመኑ ቀርቶ ዶሮው ሲተካ ደግሞ 4.6 ገባ። በኋላ እንዳስረዱኝ የጎዳኝ ጎመን መብላቴ ሳይሆን አንዴ መተዌ፣ አንዴ ማብዛቴ ነው። አሁን ጾምም ይሁን ፍስክ በሳምንት ሁለት ቀን ተመሳሳይ መጠን እበላለሁ፤ ጾም ከመግባቱ በፊትም አስቀድሜ አሳውቃለሁ።

ከዚህ የከፋው የደረሰብኝ አሜባ ይዞኝ ሜትሮኒዳዞል በወሰድኩ ጊዜ ነው። ፋርማሲስቷ «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር፤ ዋርፋሪን እንደ ዕለት እንጀራዬ ሆኖብኝ ኖሮ «የለም» አልኳት። በአምስተኛው ቀን ጥርሴን ስፋቅ ድዴ አልቆም ብሎ ደማ፣ ሳልመታ ጭኔ በለዘ፤ ሜትሮኒዳዞሉ የዋርፋሪኑን ኃይል ጨምሮት ቁጥሩ 6.8 ደርሶ ነበር። ዋርፋሪኑ ለሁለት ቀን ተቋርጦ እስኪወርድ ድረስ በየቀኑ ተለካሁ። ከዚያ ወዲህ ዋርፋሪን እንደምወስድ የሚገልጽ ካርድ ከኪሴ አይለይም፤ ለራስ ምታት እንኳ ኢቡፕሮፌንም ሆነ ዲክሎፌናክ አልወስድም።

መድኃኒቱን የምወስደው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ ጠዋት የሰጠሁት ደም ውጤት መጠኑን የሚያስቀይር ከሆነ በዚያው ምሽት ማስተካከል ይቻላል። የወሰድኩትን መጠንና የምርመራውን ውጤት በደብተር እመዘግባለሁ። ረስቼ ካደርኩም በማግስቱ እጥፍ አልወስድም።

አሜሪካ ያለች ዘመዴ፣ እርሷ ለልብ ምት መዛባት የምትወስደውን ምርመራ የማያስፈልገው አዲስ መድኃኒት ልትልክልኝ ፈልጋ ነበር። ሐኪሜን ሳማክራቸው፣ ከእነዚህ አንዱ የሆነው ዳቢጋትራን ሜካኒካል ቫልቭ ባላቸው ሰዎች ላይ ሲሞከር የደም መርጋትም መድማትም ከዋርፋሪን በልጦ በመገኘቱ ጥናቱ መቋረጡን ነገሩኝ። ለዘመዴ ይህንኑ አስረድቼ እንዳትልክ ለመንኳት።